ቁጣ ሰርቨር አያስነሳም

የሶፍትዌር ቡድን አለቆች የሚወዷቸው አባባሎች አሉ። መልሳቸውን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ፣ የጅቡቲ መንገድ ከሚያልፍበት የአፋር አገር ይዘን መጥተናል።

አለቃ፦ «ችግር ይዘህብኝ አትምጣ፤ መፍትሔ ይዘህ ና!»

መልስ፦ ጋሼ፣ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ የሚሉትን ዜና ይለዋወጣሉ፤ ዝናቡ የት ጣለ፣ ሣሩ የት በቀለ፣ ግጭቱና በሽታው የት አለ ይባባላሉ። ድርቅ ያየ ሰው ዝናብ ይዞ ይምጣ አይባልም! የኮዱን ብልሽት ያየ ልጅ መፍትሔ እስኪያገኝ አፉን ከዘጋ፣ ዜናውን የሚነግርዎ ደንበኛው ነው።

አለቃ፦ «ሁሉም ያሻውን ከተናገረማ ሥርዓት ጠፋ!»

መልስ፦ ዳጉ ራሱ ሥርዓት ነው። ነጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ይለያል፤ ሰሚው ይጠይቃል፤ ሐሰት ያወራ ይዋረዳል። ነውሩ መዋሸት እንጂ ክፉ ዜና ማምጣት አይደለም። እርስዎ ግን ዜናውን ያመጣውን ይቆጡታል፣ የደበቀውን «ጨዋ ልጅ» ይሉታል።

አለቃ፦ «ያጠፋ ካልተቀጣ ጥፋት ይለምዳል!»

መልስ፦ በስህተቱ ከተቀጣ መደበቅ ይለምዳል፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ሆን ብሎ ለሰረቀ ሕግ አለ። «ማን ነው ያበላሸው?» ሲሉ የሚያገኙት አንድ ስም ነው። «ምን አሳሳተው?» ቢሉ ግን ኮዱን ሌላ ሰው ሳያየው መለቀቁን፣ ፍተሻው መዘለሉን፣ ወደ ቀድሞው መመለሻ አለመዘጋጀቱን ያገኛሉ። እነዚህ ይጠገናሉ። ቁጣ ግን ሰርቨር አያስነሳም።

አለቃ፦ «እኛ ቡድን ውስጥ ስህተት ተመዝግቦ አያውቅም!»

መልስ፦ የሚያስፈራውስ እሱ ነው! ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና፣ ብዙ ስህተት ተመዝግቦ ያገኘችው በደንብ በሚመሩት ዘንድ ነው። ስህተታቸውን ስለማይደብቁ ነበር። ጎግልም ከ180 በላይ ቡድኖቹን ሲመረምር፣ ጎበዙን ቡድን ከሌላው የለየው ዋናው ነገር አባላቱ ሳይሸማቀቁ መናገራቸው ሆኖ ተገኘ።

አለቃ፦ «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው!»

መልስ፦ መጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች የሌላቸውን ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ገልጿል፤ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ዜናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በስልክ ተዛመተ። እንዲህ ባለ ሌሊት ደቂቃ ማለት ብር ነው። የእርስዎ ተረኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊደውልልዎ ከፈራ፣ ወሬው ይቀድመዋል። ይህ ቅንጦት ከሆነ ኪሳራውን ምን ሊሉት ነው?

አለቃ፦ «ታዲያ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ አሁን ገና ጠየቁ! ስብሰባ ላይ የራስዎን ስህተት አስቀድመው ይናገሩ። ሐሳብ ሲሰበሰብ ከታናሹ ይጀምሩ፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየሰማ ያደገ ጀማሪ ከእርስዎ በኋላ ዕድል ቢሰጠው የሚደግመው የእርስዎን ቃል ነው። ክፉ ዜና ያመጣልዎን መጀመሪያ ያመስግኑ፣ ከዚያ ይጠይቁ። ለዛሬው ተረኛም አሁኑኑ ደውለው «ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሰኝ» ይበሉት። የቀሰቀሰዎ ዕለት ታዲያ ቃልዎን ይጠብቁ!