ቪ8 እና ጭቃ፦ የማይተዋወቁ የሁለት አካላት ግንኙነት፣ ቅድመ ጥናት

የዚህ ጥናት ርእሰ ጉዳይ በአዲስ አበባ የሚኖረው ቅንጡ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና ነው። ጥያቄው ሁለት ክፍል አለው። ወንዝ ይሻገር፣ ገደል ይቧጥጥ፣ አሸዋ ይሰንጥቅ ተብሎ የተሠራ ፍጡር ወንዝም ገደልም አሸዋም ሳያይ እንዴት ያረጃል? ደግሞስ እንዳይጎዳ የሚደረግለት እንክብካቤ ምን ያህል ይጎዳዋል? ናሙናዎቹ የተገኙት በቦሌና በሳር ቤት ካፌዎች ደጃፍ ነው። ናሙናው ራሱ ሞተሩን ሳያጠፋ ለረጅም ሰዓት ቆሞ ስለሚገኝ አጥኚው በመስክ ሥራ አልተንገላታም፤ የምርምሩ ወጪም የማኪያቶ ብቻ ነው።

ለዋና ዝርያነት የተመረጠው ሕዝቡ በአጭሩ «ቪ8» የሚለው ላንድክሩዘር 200 ነው። ቶዮታ ይህን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2007 አውጥቶ በ2021 በሌላ ተክቶታል። የናፍጣው ዓይነት ስምንት ሲሊንደር፣ 4.5 ሊትር፣ ሁለት ተርቦ አለው። 70 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ፎር ሎው የሚባል የጉልበት ማርሽ ስላለው ቀጥ ያለ ዳገት በእርጋታ ይወጣል። ሁለት ታንከር ተገጥሞለት በድምሩ 138 ሊትር ነዳጅ የሚይዝም አለ። ይህ መጠን ሰው በሌለበት በረሃ ውስጥ ለሚደረግ ረጅም ጉዞ የታሰበ ሲሆን፣ ከቦሌ ካዛንቺስ ደርሶ ለመመለስም ይበቃል።

የዝርያው አነሳስ ግን ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1970 እንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ሬንጅ ሮቨር ሁለት በር ብቻ ነበረው፤ መቀመጫው ፕላስቲክ፣ ወለሉ ጎማ ነበር። ባለቤቱ ከእርሻ ሲመለስ በሩን ከፍቶ ውስጡን በውሃ ጎማ እንዲያጥበው ታስቦ ነው። በ1981 አራት በር ወጣለት፤ በዚያው ዓመት ቮግ ከተባለው የፋሽን መጽሔት ጋር የተያያዘ «ኢን ቮግ» የሚል ልዩ ሞዴል ተሠራ። ከእርሻ ተነስቶ ፋሽን መጽሔት ላይ ለመድረስ 11 ዓመት ፈጀበት ማለት ነው። በአገራችን ይህን ርቀት ከዚያ ባነሰ ጊዜ የጨረሱ ባለሀብቶች አሉ። የመኪናው ዋና መሐንዲስ የነበሩት ቻርልስ ስፔንሰር ኪንግ በስተርጅናቸው፣ የሠሩት መኪና በከተማ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረሻ መሆኑን በአደባባይ ነቅፈዋል። እሳቸው በ2010 አረፉ፤ ልጆቹ እስከ ዛሬ እየደረሱ ነው።

እውነት ለመናገር መኪናውን ጫካ አስገብቶ የሞከረው ሰው አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ መጥቶ ዓባይን በጀልባ የወረደውን ቡድን የመራው የእንግሊዝ ጦር መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሁለት ሬንጅ ሮቨር ከአላስካ ወደ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ የተነሱበትን ጉዞ መራ። በፓናማና በኮሎምቢያ መካከል ያለውን መንገድ የለሽ የዳሪየን ጫካ በ1972 ለማቋረጥ ወደ 100 ቀን ፈጀበት። የመኪኖቹ ዲፈረንሻል ተሰበረ፤ ጉዞው ቆመ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው አንድ አሮጌ ላንድ ሮቨር ገዝቶ መንገድ መሪ አድርጎ ከፊት ማስቀደም ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ሳይንሳዊ ግኝት፣ ውድ መኪና ጫካ ሲገባ ርካሽ መኪና ይቀድመዋል የሚል ነው። ግኝቱ በአገራችንም እንደሚሠራ ኋላ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ጥበቃው እንግባ። የመኪና ቀለም የላይኛው ንብርብር፣ ማለትም ብልጭታውን የሚሰጠው ግልጽ ቀለም፣ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ይሆናል፤ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። የአንድ ቤተሰብ ክብር በዚህ ውፍረት ላይ ያረፈ በመሆኑ በላዩ 200 ማይክሮን አካባቢ የሚሆን ጥርት ያለ ላስቲክ ይለበጥበታል። የላስቲኩ ታሪክ ከጦር ሜዳ ይጀምራል፤ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ተሽከርካሪ ክንፍ በአሸዋና በስብርባሪ እንዳይበላ ተብሎ የመጣ ነው። ዛሬ አያት አካባቢ ከጎረቤት ልጅ ኳስ ይከላከላል። በላስቲኩ ላይ የመኪና ሸራ ይለብሳል። ሸራውን ዘበኛ ይጠብቀዋል፤ ዘበኛውን አጥር ያጥረዋል፤ አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሏል። ውስጡ ሲታይ ከፋብሪካው ምንጣፍ ላይ የጎማ ምንጣፍ፣ ከጎማው ላይ ላቫጆ ያነጠፈው ካርቶን፣ ከካርቶኑ ላይ ደግሞ በር ላይ በደንብ የተራገፈ የባለቤቱ ጫማ ይገኛል። ውድ ቆዳ በለበሰው መቀመጫ ላይ ከፋብሪካ የመጣው ላስቲክ እንዳለ ነው። አንዳንዶች በዚህ ይስቃሉ። አጥኚው ግን አይስቅም፤ በ1970 የተጀመረው የፕላስቲክ መቀመጫ በኛ ብርታት ወደ ቦታው ተመልሷል።

በዚህ ጥብቅ ሥርዓት ውስጥ የተገኘው ቀዳዳ አንድ ነው፤ እሱም ራሱ ጽዳቱ ነው። ወጣቱ ዘበኛ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ደረቅ ጨርቅ ይዞ ኮፈኑን ይወለውላል። አቧራ ውስጥ ግን ከመስታወት የሚጠነክር የኳርትዝ ብናኝ አለ። ብናኙ በጨርቁና በቀለሙ መካከል ሆኖ ቀለሙን ይፍቀዋል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ይወጣል። ባለቤቱ ጭረቱ ቆሻሻ መስሏቸው ዘበኛውን ይጠሩታል።

«ምንድነው ይሄ? ዛሬ አልወለወልከውም?»

«ወልውያለሁ ጋሼ።»

«ጠበቅ አድርገህ ነው እንጂ!»

«እሺ ጋሼ።»

ትክክለኛው ዘዴ የታወቀ ነው፤ አሸዋው እስኪለቅ በብዙ ውሃ ማራስ፣ ከዚያ በሳሙናና በለስላሳ ስፖንጅ ሳይጫኑ ከላይ ወደ ታች መውረድ ነው። ይህ ዘዴ ግን ሲሠራ ሥራ አይመስልም። ጨርቅ ይዞ ላቡ የሚንጠባጠብ ዘበኛ ደመወዙን ያስመሰክራል፤ ውሃ ይዞ የቆመ ዘበኛ አበባ የሚያጠጣ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ቪ8 በሕይወት ዘመኑ ከሚያገኘው ጭረት አብዛኛው ከቁጥቋጦ እንዳልሆነ አጥኚው በእርግጠኝነት ይናገራል።

መቆምም ይጎዳዋል። ሳይነዳ የከረመ መኪና ባትሪው ይወርዳል፤ አንድ ቦታ የቆመ ጎማ የተኛበት ጎኑ ይደፈጠጣል። ናፍጣ ሞተር አጭር መንገድ ብቻ እየሄደ በደንብ ሳይሞቅ ከጠፋ ውሃና ያልተቃጠለ ነዳጅ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። የሠፈር ሱቅ ድረስ እንጀራ ለመግዛት የሚነሳ ስምንት ሲሊንደር በዓመቱ መጨረሻ የሚያስፈልገው ሕክምና ከኤርታሌ ከተመለሰ መኪና ሊበልጥ ይችላል። የኤርታሌው ቢያንስ ምን እንደነካው ያውቃል።

ዓመታዊው የመስክ ጉዞ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ክረምት ላይ ገጠር ለቅሶ ይሆናል፤ አስፋልቱ አልቆ፣ ጠጠሩም አልቆ ዋልካ መሬት ይመጣል። ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ የጎማው ጥርስ ውስጥ ሞልቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። ያኔ ባለቤቱ ፎር ሎውን ያስገባሉ። ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የሚመዝነው መኪና አራቱንም ጎማ እኩል እያሽከረከረ ወደ ታች መቆፈር ይጀምራል፤ ተራው መኪና በሁለት ጎማ በሚሰምጥበት ቦታ እሱ በአራቱ ይሰምጣል። አዋቂ ሹፌር ለስለስ ያለ መሬት ሲመጣ አስቀድሞ የጎማውን አየር ይቀንሳል፤ ጎማው ሲተኛ የሚረግጠው ስፋት ስለሚጨምር ይንሳፈፋል። ነገር ግን የተቀነሰውን የሚመልስ ጎሚስታ ያለው ወደ ኋላ ከቀረችው ከተማ ነው፤ ባለቤቱም ቀድሞ ነገር በገዛ እጅ አየር መቀነስ አይገባቸውም፤ አየሩ ተከፍሎበታል።

የሠፈሩ ልጆች ቦታውን ስለሚያውቁት ድንጋይ ሰብስበው ይጠብቃሉ።

«ጋሼ፣ ይቺ በድንጋይ አትወጣም። በበሬ ነው።»

«በሬው ስንት ነው?»

ልጁ መልስ ከመስጠቱ በፊት አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ መቀመጫው ላይ ያለውን ላስቲክ አየ። ዋጋውን የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። በመጨረሻ ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ሞተር በሁለት በሬ ጉልበት ከጉድጓዱ ወጥቷል። ባለቤቱ ከተማ እንደገቡ መኪናው በጣም ጠንካራ መሆኑን ለጓደኞቻቸው መስክረዋል።

ቪ8 በየቀኑ ከመንገድ የሚወጣበት አንድ ቦታ ግን አለ፤ የእግረኛ መንገድ ነው። ከመሬት 23 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከፍ ብሎ መሠራቱ፣ የሱስፔንሽኑ ርዝመት፣ የማዕከላዊው ዲፈረንሻል ቁልፍ፣ የጃፓን መሐንዲሶች ድካም ሁሉ ካፌ በር ላይ ባለች አንድ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ፍሬ ያፈራል። ያቺን ጠርዝ ቪትዝም ትወጣታለች፤ ግን በፍርሃት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የእግረኛውና የብስክሌቱ መንገድ ሰፍቶ፣ ተስተካክሎ፣ ለመኪና እየተከለከለ ስለመጣ ይህ የመጨረሻ የዱር መኖሪያው እየጠበበ ነው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሰዎች ጉዳዩን እስካሁን አላነሱትም።

ስለ እውነተኛው ፈተና ጥቂት ይባል። ዳናክል ውስጥ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ መሬት አለ፤ ጨው ነው። ወደ ኤርታሌ ሲኬድ አሸዋ ይመጣል፤ ከአሸዋው ቀጥሎ የረጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። አሸዋው የላላ ጎማ ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ደግሞ የላላ ጎማን ጎን እንደ ፈለገ ይሰነጥቃል። አየር ማስወጣት፣ መሙላት፣ ከዚያ በሰው እግር ፍጥነት መሄድ ነው። ጨዉ ከሥር ገብቶ ብረት ስለሚበላ ተመልሶ መታጠብ ያለበት ሆዱ ነው እንጂ ኮፈኑ አይደለም። እዚያ የሚሄዱት ቱሪስት የሚያመላልሱ፣ ዕድሜ የጠገቡ ላንድክሩዘሮች ናቸው፤ ፖርቶመጋላቸው ላይ ትርፍ ጎማ፣ ጀሪካንና ፍራሽ ተጭኗል፤ አንዱ ሲቆም ሌላው እንዲጎትተው ቢያንስ ሁለት ሆነው ይወጣሉ። ሹፌሮቻቸው ጭረት አይቆጥሩም፤ የሚቆጥሩት ትርፍ ጎማ ነው።

ስለዚህ የመኪና ዋጋና የመንገድ ክፋት በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። አይሱዙ ጤፍ ጭኖ ድልድይ የሌለውን ወንዝ በሌሊት ያቋርጣል። ባጃጅ በሦስት ጎማ፣ ከተፈቀደው በላይ ሰው ይዞ፣ የቪ8 ባለቤት «እዚህ ጋ ቁም፤ በእግር እንሂድ» የሚሉበትን ጭቃ እየዘፈነ ያልፋል። ፎር ዊል ድራይቭ የሚያስፈልገው ሰው ፎር ዊል ድራይቭ የለውም፤ ያለው ሰው ደግሞ አስፋልት ዳር ቤት አለው።

ሁኔታው የሚሻሻል አይመስልም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካስታወቀ ወዲህ ያለው ቪ8 እንደገና የማይገኝ ዕቃ ሆኗል። ዕቃው ብርቅ በሆነ ቁጥር ሸራው ይወፍራል፤ ከጭቃ ጋር ያለው ቀሪ ግንኙነትም በዘመናችን ሊቋረጥ ይችላል።

ምክረ ሐሳቡ አንድ ብቻ ነው። የአምራቹ መመሪያ፣ ፎር ዊላቸው በሹፌሩ ትእዛዝ ለሚገባ ሞዴሎች፣ በወር ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በአራቱም ጎማ እንዲነዱ ይመክራል፤ አለዚያ የፊተኛው ክፍል ዘይት በደንብ አይደርሰውም። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን እንዲህ መንዳት ክልክል ነው፤ ሲዞሩ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል ስለማይሄዱ ማስተላለፊያው ይጨነቃል። በወር 16 ኪሎ ሜትር አፈር የግድ ነው ማለት ነው። ሐሳቡ እንዲህ ዓይነት ውድ መኪና ላላቸው አንድ አባወራ ቀረበ። በጥሞና አድምጠው ትክክል መሆኑን ተቀበሉ፤ ሹፌራቸውንም ወዲያው አስጠሩት።

«ለቅዳሜ የወንድሜን አሮጌ ፒክአፕ ለምንልኝ። 16 ኪሎ ሜትሩን በሱ እንሄደዋለን።»