ሬሳው ሳይገኝ ዘፈን

የተወደደ ፊልም ክፍል ሁለት ሲወጣ ተመልካቹ ሊዝናና አይቀመጥም፤ ሊመረምር ነው የሚቀመጠው። እጁን አጣምሮ «እስቲ እናያለን» ይላል። በእኛ ቤተሰብ የዚህ ዓይነቱ ተመልካች አለቃ የአጎቴ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን «ግሪስ» ከነዘፈኑ ከነዳንሱ ሸምድዶታል። ጆን ትራቮልታ ማበጠሪያውን ሲያወጣ የእሱም እጅ ሳያስበው ወደ ግንባሩ ይሄዳል። ፀጉሩ ግን ከተመለጠ ዘመን አልፎታል።

አንድ እሁድ እዚሁ ቨርጂኒያ ቡና ተፈልቶ፣ «ግሪስ 2» ተከፈተ። የፓራማውንት ተራራ ከስክሪኑ ሳይወርድ የአጎቴ ልጅ «ትራቮልታ የለም፣ ኦሊቪያ ኒውተን ጆንም የለችም፤ ቀድሜ ልንገራችሁ» ብሎ አወጀ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ፣ «ታዲያ ማን አለ?» አሉ።

ያለው ማይክል ነው፤ የመጀመሪያው ፊልም ልጅ፣ የሳንዲ፣ ዘመድ ነኝ ብሎ ከእንግሊዝ የመጣ ልጅ። እዚህ ላይ ፊልሙ ለጊዜው ቆመ። እትዬ ዝምድና ሲነሳ ዝም አይሉም። «ሳንዲ ከአውስትራሊያ ነው የመጣችው አላላችሁም? ይሄ ደግሞ ከእንግሊዝ። በእናት ነው በአባት?» ደራሲው ያላሰበበትን ጥያቄ እኛ ከየት አምጥተን እንመልስ?

እውነቱን ለመናገር አጀማመሩ አያሳፍርም። ዳይሬክተሯ ፓትሪሺያ በርች የመጀመሪያውን ፊልም ዳንሶች ያቀናበረችው ሴት ናት፤ ተማሪዎቹ ትምህርት ቤቱን በጭፈራ ሲያጥለቀልቁት ሙያዋ ያስታውቃል። እኔ እንደሚመስለኝ የፊልሙ ጠላት ርዕሱ ላይ የተለጠፈችው «2» ናት። ያለ እሷ ቢወጣ ኖሮ ቀለል ያለ የወጣቶች ቀልድ ተብሎ በሰላም ይታይ ነበር። ይህን ስል የአጎቴ ልጅ በሀዘኔታ አየኝ።

መምህሩ ስለ መራባት ማስተማር ሲጀምር ክፍሉ በሙሉ በዘፈን ተነሳ። ትንንሾቹ ልጆች ምንጣፉ ላይ ናቸው፤ ሪሞቱ ደግሞ የለም። ባለቤቴ «ቡናው ገነፈለ!» ብላ ብድግ አለች። ቡናው ከወረደ ቆይቷል፤ ሦስተኛው እየተጠጣ ነው። ወንዱም ሴቱም የሶፋውን ትራስ እያነሳ ሪሞት ፍለጋ ገባ። እትዬ ብቻ ከስክሪኑ ሳይነቀሉ «ትምህርቱን እንኳ አላስጨረሱትም» አሉ።

ማይክል ልጅቷን፣ ሚሼል ፋይፈርን፣ ለማግኘት ሞተር ሳይክል ተለማመደ። ሄልሜትና መነጽር አድርጎ ብቅ ሲል ታዲያ ማን እንደሆነ የሚያውቀው ጠፋ። ቀን ቀን የሚያስጠናት ልጅ እኮ ነው! እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ልጅቷ ዓይኗ ያያል? እኔ ሰርግ ቤት ጀርባውን አይቼ የማን ልጅ እንደሆነ እነግርሃለሁ።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ያቺ ፀጉሯን ቀለም ያበላሸባት ልጅስ?» አሉ። ከመጀመሪያው ፊልም የመጣችውን ፍሬንቺን ነው። መጀመሪያ ላይ ታይታ ነበር፤ መሀል ላይ ማንም ሳይሰናበታት ጠፋች።

የአጎቴ ልጅ ሒሳብ አወጣ። ፊልሙ 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት አሜሪካ ውስጥ 15 ሚሊዮን ገደማ ነው ያስገባው፤ የመጀመሪያው ግን በዓመቱ ገበያ አንደኛ ነበር። እኔም ለመሟገት ያህል «ጁን 11 ቀን 1982 ከስፒልበርግ ‹ኢቲ› ጋር በአንድ ቀን እኮ ነው የወጣው» አልኩ።

«ትራቮልታን ያስቀረው ኢቲ ነው?» አለኝ።

ያልጠበቅነው ጠበቃ እትዬ ሆኑ። «ያችኛዋ ጨዋ ልጅ መጨረሻ ላይ ለወንድ ብላ ጥብቅ ሱሪ ለበሰች፣ ሲጋራ ያዘች። ይቺ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ሞተር የተማረው እሱ ነው። ይሄኛው ይሻላል።» የአጎቴ ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ፊልሙ ግን ምንም አይረባም» ሲሉ ነው ነፍሱ የተመለሰችው።

ጥብቅናቸውም አልቆየም። ሞተረኛው ሲያሳድዱት ገደል ገባ፤ ልጅቷ ሞተ ብላ የትምህርት ቤቱ ውድድር መድረክ ላይ ወጥታ ታንጎራጉራለች። እትዬ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ሬሳው ሳይገኝ ዘፈን? ለእናቱስ ማን አረዳ?» ልጁ በመጨረሻው ድግስ ላይ ከነሞተሩ ደህና ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ተቆጡ። «አላልኳችሁም!»

ተሰነባብተን በር ላይ ስንደርስ የአጎቴ ልጅ ስለ ሚሼል ፋይፈር በጎ ነገር መናገር ፈለገ። «በዓመቱ ከአል ፓቺኖ ጋር ‹ስካርፌስ›ን ሠርታለች፤ እሱን አመጣልዎታለሁ።»

«ክፍል ሁለት አለው?»

«የለውም፣ እትዬ። ሰውዬው መጨረሻ ላይ ይሞታል።»

«ሞቶ ይቀራል?»

«ይቀራል።»

«ጎሽ። እሱን አምጣልኝ።»