ጠምቷት ነው

የአገራችን ሹፌር ሞኝ አይደለም። ኩላንት የሚሉት አረንጓዴና ሮዝ ፈሳሽ የነጋዴ ብልሃት መሆኑን ድሮ ነቅቶበታል። ቧንቧው በፈረቃም ቢሆን እየመጣ፣ ቀለም ለተነከረ ውሃ ማን ገንዘብ ያወጣል? እርግጥ ያ ቀለም ውስጥ ዝገት የሚከላከል ነገር አለ ይላሉ። ዝገት ግን ምን ያደርጋል? ራዲያተሩን ከፍቶ የቀይ አፈር ጎርፍ የመሰለ ውሃ ያየ ሹፌር መኪናው ብረት እንደጠገበች ያውቃል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል፤ እሱም ለጥንካሬ ነው።

እስቲ መሐንዲሶቹ የደከሙበትንም እንይላቸው። ሞተር ሲግል ኩላንቱ ያብጣል። ራዲያተሩ እስከ አፉ ሙሉ ስለሆነ ትርፉ መሄጃ ያጣል። ክዳኑ ታዲያ ተራ ክዳን አይደለም፤ ሁለት ትንንሽ በሮች አሉት። ግፊቱ 1 ባር አካባቢ ሲደርስ አንደኛው በር ተከፍቶ ትርፉን በቀጭን ጎማ ወደ ጎን ወዳለችው ነጭ ፕላስቲክ ይሸኘዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩ ውስጥ የቀረው ይኮማተርና መሳብ ይጀምራል፤ ሁለተኛው በር ይከፈታል፣ ፕላስቲኳም የተቀበለችውን ትመልሳለች። ሳትጠየቅ! ሽማግሌ ሳይላክባት፣ ጠብታ ሳታጎድል! እንዲህ ያለ ጠባይ ያላት ዕቃ እኛ ሰፈር ብትጠረጠር ምን ይገርማል?

ጎኗ ላይ ሁለት መስመር ተሰምሯል፤ ከታችኛው እንዳይጎድል፣ ከላይኛው እንዳያልፍ። የኛ ሰው ግን ጎዶሎ ብርጭቆ ለእንግዳ አያቀርብም፤ እስከ አንገቷ ይሞላታል። ያበጠው ሲመጣ ቦታ አጥቶ መሬት ላይ ይፈሳል፤ ሹፌሩም «ታፈሳለች» ብሎ ተስፋ ይቆርጥባትና ከዚያ ወዲያ ባዶዋን ይተዋታል። ባዶ ስትሆን ራዲያተሩ የሚስበው አየር ነው። አየር ደግሞ በነጻ ነው።

የክዳኑ ላስቲክ ሲያልቅስ? ፌስታል ምን ሊሠራ ተፈጠረ! ተጠቅልሎ፣ ተጠቅጥቆ፣ በላዩ ይከደናል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው (ንፍሮ የሚያዘገየን እሱ ነው)። ሞተር ደግሞ በደህና ጤናው 90 አካባቢ ይውላል። ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ መፍሊያውን ከ110 በላይ የሚያወጣው ለዚህ ነበር። ፌስታሉ ይህን ሁሉ ባያውቅም ቅን ልብ አለው።

አንድ መካኒክ ደግሞ ከሞተሬ ቴርሞስታቱን ነቅሎ እንደ ጥርስ በመዳፉ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ለጃፓን ብርድ የተሠራ ነው። እኛ አገር ምን ያደርጋል?» ሐምሌ ነበር፤ እሱ ሁለት ሹራብ ደርቧል፣ እኔ ጋቢ ለብሻለሁ። ሞተሩ 80 ምናምን ዲግሪ እስኪደርስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚከለክለው ያ ብረት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዬ እስከ ቢሮ ድረስ ሳትሞቅ፣ ቤንዚን እየጠጣች ትደርሳለች። መካኒኩን አመስግኜ ከፍዬዋለሁ።

የዚህን ጥበብ ፍጻሜ ያየሁት ግን አባይ በረሃ ነው። ከደጀን ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሃ ጽዮን ስንወጣ ያረጀው ሚኒባሳችን ከኮፈኑ ሥር መጨስ ጀመረ። ሹፌሩ የሙቀት መለኪያውን አላየም፤ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ደግሞም መንገደኛ ያስደነግጣል። «ጠምቷት ነው» አለና ወረደ።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ እንጂ» አልኩት።

«ጋሼ፣ የጠማውን ሰው ቆይ ይሉታል?»

ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ሲያዞረው እንፋሎቱ ከሰው ቁመት በላይ ተተኮሰ። ረዳቱ ይህን ስለለመደ አስቀድሞ ሸሽቷል። ፌስታሉ ገደሉ ውስጥ ገባ። ከዚያ የሃይላንድ ውሃ ከመንገደኛው ተለመነ፤ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ሩብ ሰጠ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ ሲፈስ ብረት ሊሰነጠቅ እንደሚችል ልናገር አፌን ብከፍት የኔንም ውሃ ተቀበሉኝ። አልሞላም። በመጨረሻ ሁሉም ዓይን ኋላ ወንበር ላይ አንዲት እናት ጉልበታቸው ላይ አቅፈው በያዟት ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ላይ አረፈ።

«ጠበል ነው ልጄ» አሉ፣ በሁለት እጃቸው ሸፍነው።

«እማማ፣ በረከቱ ለሁላችን ነው!»

ተሰጠ፤ ተጠመቀች። አዲስ ፌስታል ተፈልጎ ተከደነ፣ ተሳፈርን፣ ሁለት መታጠፊያ ወጣን። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ተነሣ፣ እየበረታም ሄዶ ጩኸት ሆነ። መንገደኛው ተንጫጫ።

ሹፌሩ ነዳጁን ሳይለቅ ወደ ኋላ ዞር አለ። «ዝም በሉ እስቲ፣ እየለቀቃት ነው!»