በቁልፍ ላይ ጥምጥም

ከዴንቨር በስተሰሜን፣ ቶርንተን የሚኖር አንድ ወዳጄ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ክር ሊቀይር ሲሰናዳ ጋራዡ ውስጥ ደረስኩ። ጊታሩ ላይ የተገጠመው መቃኛ ተራ መቃኛ አይደለም። ሙዚቀኞቹ «ሎኪንግ» የሚሉት፣ ክሩን በራሱ ነክሶ የሚይዘው ዓይነት ነው። ስድስት ክር፣ ስድስት ቁልፍ። «ከእንግዲህ ቅኝት ወረደ ብሎ ነገር የለም» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ወዲያው ግን የመጀመሪያውን ክር አስገብቶ ቆለፈና መጠምጠም ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዙር። ለጥምቀት የሚሰናዳ ደብተራ እንኳ እንዲህ አይጠመጥምም።

«ቆልፈኸው የለም እንዴ?»

«ቆልፌዋለሁ።»

«ታዲያ ጥምጥሙ?»

«ለማንኛውም ነዋ!»

ለዚህ ቃል ክብር ይገባዋል። ሻንጣችንን ቆልፈን በገመድ የምናስረው፣ ከዚያም ቦሌ ላይ በፕላስቲክ የምናስጠቀልለው ለማንኛውም ነው። መኪናችንን በሪሞት ዘግተን፣ ጢው ማለቱን ሰምተን፣ ከመንገድ ተመልሰን እጀታውን የምንጎትተውም ለማንኛውም ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ወዳጄም በወጣትነቱ፣ በተዋሰው ጊታር ላይ፣ አንድ ክር ሾልኮበት ያውቃል።

የዋሆቹ መቃኛውን የሠሩት ናቸው። የአሜሪካው ስፐርዜል፣ የጀርመኑ ሻለር፣ የጃፓኑ ጎቶ ምክራቸው ተቀራራቢ ነው፦ የመቃኛውን ቀዳዳ ከክሩ መንገድ ጋር አስተካክል፣ ክሩን አሳልፈህ ወጠር አድርገው፣ ከጀርባ ያለችውን ክብ ብሎን በጣትህ አጥብቅ፣ ትርፉን ቁረጥ፣ ቃኝ። የመቃኛው ዘንግ ገና አንድ ዙር ሳይሞላ ክሩ ድምፁ ላይ ይደርሳል ይላሉ። ስድስቱም በአምስት፣ ቢበዛ በአሥር ደቂቃ! እንዲህ በቶሎ የሚያልቅ ነገር ሥራ ይባላል? ወዳጄ ቤት አቦሉ ሲቀዳ ሁለተኛው ክር ላይ ነበርን፤ በረካው ሲደርስ ገና አራተኛው ላይ። «በጣትህ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ጭራሽ አልተቀበላትም። ጣት ምን አቅም አለው? ፒንሳ አነሳ። ብሎኗ ሦስት ጊዜ ጮኸች፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ጥርሷ እንደተበላ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ነገሩ ሥር የለውም እንዳልል በገናና ክራር አሉ። እዚያ ክሩ ቀንበሩ ላይ የሚጸናው በመጠምጠሙ ነው፤ ተፋትጎ ካልያዘ በቀር የሚነክስለት ብረት የለም። ወዳጄ እንግዲህ የአባቶቹን ወግ ጠብቋል። ለመጠምጠሙ መቶ ምናምን ዶላር የሚያወጣ ቁልፍ ለምን እንዳስፈለገው ግን አልጠየቅኩትም፤ የሰው ቤት ነው።

ጥምጥም በጊታር ላይ ጠባዩ ለየት ይላል። ትሬሞሎ የሚባለው የእጅ ዘንግ ሲጫን ክሩ ይላላል፣ ጥምጥሙም አብሮት ይላላል፤ ዘንጉ ሲለቀቅ ግን እያንዳንዱ ዙር ቀድሞ ወደነበረበት አይመለስም። ቁልፉ የተፈለሰፈው ይህንን ለማስቀረት ነበር። ወዳጄ ቁልፉን ገዝቶ በሽታውን በላዩ ላይ መለሰው።

ቅኝቱ ሲወርድም ጥፋተኛው አስቀድሞ ታውቋል፦ ከፍታው! ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ነው፤ ጊታር ምን ያድርግ? ይህን የሚለኝ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ጊታር የተማረ ሰው ነው። ከፍታ ቅኝት የሚያወርድ ቢሆን ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ አንድ ዘፈን ሳይጨርስ በቀረ ነበር። (የኮሎራዶ ደረቅ አየር እንጨት ማኮማተሩ እውነት ነው፤ በብርዱ ወራት ማሞቂያው ሲነሳ የጊታር አንገት ይንቀሳቀሳል። ግን ይህ በጥምጥም ስለማይድን አላነሳነውም።) ሌላዋ ተጠርጣሪ ራስጌው ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ባለ ቦይ ቁራጭ ናት። ክሩ እዚያ ሲያዝ ጢንግ ይላል፤ ትንሽ የእርሳስ ዱቄት ቢነሰነስባት ይለቃል። ይሁንና እርሳስ ርካሽ ነው፤ ርካሽ ነገር ደግሞ እንዴት ይታመናል?

ማታ ወዳጄ የሚጫወትበት ሰርግ አውሮራ ነበር። ኦርጋኒስቱ ትዝታ ጀመረ። ኦርጋን ክር የለው፣ አይወርድ፣ አይወጣ፣ ባለቤቱም ፒንሳ አይይዝ። ወዳጄ የትሬሞሎውን ዘንግ አንዴ ነቅነቅ ቢያደርገው ትዝታው ወደ አንቺ ሆዬ አዘነበለ። ኦርጋኒስቱ ቀና ብሎ አየውና ድምፁን ጨመረ፤ ሰርገኛው እስክስታውን ቀጠለ፤ ወዳጄ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቃኝ ጀመር።

ትርፉንም አልቆረጠውም ነበር፤ እሱም ለማንኛውም ነው። ከጊታሩ ራስ ስድስት የብረት ጭራ እንደ ጃርት ቆሟል። ሙሽሮቹ መድረኩ ሥር ሲጨፍሩ አንደኛው ጭራ የሙሽራዋን ቬሎ ያዘ። ሚዜው መቀስ ይዞ መጣ። «ክሩን ይቁረጥ ወይስ ቬሎውን?» የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ። ወዳጄ ያለ አንዳች ማመንታት ቬሎው ይቆረጥ አለ።

በሳምንቱ ደወለልኝ። ችግሩን ደርሶበታል፦ ቁልፉ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። አሁን ያዘዘው ፍሎይድ ሮዝ የሚባለውን፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተፈለሰፈውን፣ ክሩን ራስጌም ግርጌም የሚቆልፈውን ነው።

«ራስጌውና ግርጌው ከተቆለፈ እኮ መቃኛው ላይ ያለው ጥምጥም ለምንም አይሆንም» አልኩት።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

«እስቲ ረዘም ያለ ክር የሚሸጥ ቦታ ታውቅ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»