ድብድብ ድሮ ቀረ

ድብድብ እንኳ ድሮ ቀረ! የሌላው መቅረት አይገርመኝም። ጠላው ቀረ፣ ጉርብትናው ቀረ፣ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫ መነሣት ቀረ ሲባል ስሰማና ስናገር ነው ያረጀሁት። ድብድብ ግን ይቀራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሰው እስካለ ጠብ አይጠፋም፣ ጠብ እስካለ ቡጢ አይጠፋም ብዬ ተዝናንቼ ተቀምጬ ነበር። ይኸውና እዚህ ሜሪላንድ፣ ዘወትር ሐሙስ ማታ፣ ከአንድ የኮሚክ መጽሐፍ መሸጫ ጓሮ ባለ ክፍል ውስጥ አርባ የሚሆኑ ጎረምሶች እስከ እኩለ ሌሊት ሲደባደቡ አያለሁ። አንድም የተጣላ የለም።

ለዚህ የዳረገኝ የልጅ ልጄ ነው። እናቱ፣ ልጄ፣ የማታ ተረኛ ነርስ ናት፤ እሱ መንጃ ፈቃድ የለው፤ “አባባ ያደርስሃል” ተባለ። በዚህ አገር ጡረታ ማለት ያለ ደመወዝ ሹፌር መሆን ነው። የሚጫወቱት የድብድብ ጌም የሚሉትን ነው። ሁለት ሰው አንድ ስክሪን ፊት ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ የራሱን ተደባዳቢ ይመርጣል፤ ከዚያ መቀጥቀጥ ነው። ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ተዘርሯል። የወደቀው ልጅ ተነሥቶ ያሸነፈውን ይጨብጣል። አንዳንዱማ ያቅፈዋል!

የማላውቀውን የምናገር እንዳይመስላችሁ። “ስትሪት ፋይተር 2” የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ (ዓመቱን ሁሉ እንደ አገሩ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) እኔ ገና መጤ ነበርኩ። ሌሊት ሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ በምሠራበት ሱቅ ጥግ ላይ ያ ማሽን ተገትሮ ነበር። ልጆቹ ሩብ ዶላር ያጎርሱታል። ቀጣዩ እኔ ነኝ የሚል ሁሉ ሳንቲሙን ስክሪኑ ግርጌ ካለው ጠርዝ ላይ ይደረድራል፤ ቦኖ ውኃ ላይ ጀሪካኑን አሰልፎ ወደ ጉዳዩ እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው። ያሸነፈ ይቆያል፣ የተሸነፈ ሌላ ሳንቲም ፈልጎ ከወረፋው ጫፍ ይቆማል። ያን ሳንቲም የሚነካ አልነበረም። ከእኔ መደርደሪያ ማስቲካ የሚሰርቁት ግን እነዚያው ልጆች ናቸው።

ያኔ ታዲያ ቢያንስ ይጣሉ ነበር። አንዱ አንዱን ይገፈትራል፣ እኔ “ፖሊስ እጠራለሁ” እላለሁ፣ ሌሊቱ ይነጋልኛል። የዛሬዎቹን ምን ልበላቸው?

ነገሩ ሁሉ ገና ከአመሠራረቱ ሥርዓት የለውም። ልጁ መኪና ውስጥ ሲተርክልኝ ጆሮዬን ማመን አልቻልኩም። በ1996 ካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል በሚባል ከተማ፣ ጎልፍላንድ በተባለ የልጆች ጎልፍ መጫወቻ ቦታ ውስጥ አርባ ሰው ተሰብስቦ ውድድር አደረገ። በቃ፤ ይኸው ነው። አዘጋጅ ኮሚቴ የለ፣ የክብር እንግዳ የለ፣ ሪባን የቆረጠ የለ፣ “ይህ ታሪካዊ ቀን” ብሎ አንድ ሰዓት የተናገረ የለ። በ2002 ስሙን ኢቮ አሉት። በ2023 ላስ ቬጋስ ላይ ለ“ስትሪት ፋይተር 6” ብቻ ከ7 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦ ተጋጠመ፤ አሸናፊው ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የመጣ ልጅ ነበር። ሪባን ሳይቆረጥ እዚህ መድረስ ደስ አይልም። እኛ ሪባኑን በየዓመቱ እንቆርጣለን፤ የደረስንበትን እናንተ ታውቃላችሁ።

ኒውዮርክ ቻይናታውን፣ ሞት ስትሪት ላይ ደግሞ “ቻይናታውን ፌር” የሚባል የጌም ቤት ነበር። በዚያ ቤት በደጉ ዘመን አንዲት ዶሮ ነበረች አሉ፤ ከደንበኛ ጋር ክብና መስቀል የሚጻፍበትን ጨዋታ ትጫወታለች፤ የምትሸነፍበትም ቀን እምብዛም አይገኝም። ዶሮ! እኔ ዶሮን የማውቃት በአሥራ ሁለት ብልት ነው። ቤቱ በ2011 ሲዘጋ ከቀድሞ ሠራተኞቹ አንዱ ብሩክሊን ውስጥ ሌላ ቤት ከፍቶ የተበተነውን ሕዝብ ሰበሰበ። ውርስ እንካፈል የሚል ክስ የለ፣ ስሙ የእኔ ነው የሚል ጠበቃ የለ።

ከዚያ ከሞት ስትሪቱ ቤት የወጣ ጀስቲን ዋንግ የሚባል ሰው አለ። በእሱ ጉዳይ ከልጁ ጋር ገና አልተስማማንም። በ2004 በኢቮ ውድድር ላይ፣ ፖሞና በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ዳይጎ ኡሜሃራ ከሚባል ጃፓናዊ ጋር ገጠመ። የጃፓኑ ተደባዳቢ ነፍስ በአንድ ክር ተንጠልጥላለች። ጀስቲን ያቺን ቹን ሊ የምትባል ባለ ፈጣን እግር ሴት ይዞ የርግጫ መዓት ለቀቀበት። መከላከል አያድንም፤ በመከላከልም ትንሽ ትንሽ ነፍስ ይቀነሳል፣ እሱ ደግሞ የሚቀነስ ነፍስ አልቀረውም። መዳኛው አንድ ብቻ ነው፦ እያንዳንዱ ርግጫ በሚያርፍባት ቅጽበት መሪውን ወደ ጠላት መግፋት። ወደኋላ ሳይሆን ወደ ጠላት! ጌሙ በሴኮንድ 60 ሥዕል ነው የሚያሳልፈው፤ ቅጽበቷ ከእነዚያ ጥቂቶቹ ናት። ሰውዬው 15ቱንም ርግጫ አንድ ሳይስት መከተ፤ ከዚያ ተነሥቶ ጀስቲንን ዘረረው። አዳራሹ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። ልጁ ቪዲዮውን ሲያሳየኝ፣ አልዋሽም፣ እኔም ብድግ ብዬ ነበር፤ ወገቤን ስላመመኝ ግን ነው።

ይኸን ያህል ሰማን። ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህ ጃፓናዊ ውድድሩን አላሸነፈም። ፍጻሜው ላይ በሌላ ጃፓናዊ፣ በኬንጂ ኦባታ፣ ተረታ። ታዲያ የኦባታን ስም ማን ያነሣል? “ዋንጫውን ማን ወሰደ?” ብዬ አርባውንም ጎረምሳ በየተራ ጠየቅኩ፤ ሁለቱ ብቻ መለሱልኝ፤ አንደኛው ስልኩን አይቶ ነው። አሸናፊ የማያከብር ትውልድ! ሁለተኛው የባሰ ነው። ያ የተዘረረው ጀስቲን ያን ቪዲዮ ዓለም በሙሉ ሲያየው እስከ ዛሬ እየሣቀ ይጫወታል። በእኛ ሰፈር በሕዝብ ፊት እንዲያ የተዋረደ ሰው አጥቢያ ይቀይራል። ለልጆቹ የሌላ አገር ታሪክ ይነግራቸዋል። ይህኛው ጭራሽ ሽንፈቱን አብሮ ያወራል።

ይህን ለልጁ ስነግረው ምን ይለኛል? “አባባ፣ ጀስቲን እኮ ብዙ ጊዜ ኢቮን በልቷል።” በልቷል ይላል! አማርኛውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ማንን እወቅሳለሁ።

ወደ ጓሮው ክፍል ልመለስ። ለአንድ ሰዓት ተቀጥሮ ሁለት ሰዓት ይጀመራል፤ እኔ ይህ የሐበሻ ብቻ በሽታ ይመስለኝ ነበር። ልጆቹ ፕሌይስቴሽኑን ከነሞኒተሩ ከየቤታቸው ተሸክመው ይመጣሉ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ኪራይ አይከፈላቸውም። አንዱ እጀታ የሌለው፣ ቁልፍ ብቻ የተደረደረበት ሣጥን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጫወታል፤ ዋጋውን ሲነግረኝ ጫማውን አየሁት፣ ከዚያ ዝም አልኩ። ስማቸውማ አይነሣ። ካህን ውኃ ረጭቶ ያወጣላቸውን ስም ደብቀው ሌላ ይለጥፋሉ። አንዱ በሳንድዊች ስም ነው የሚጠራው። ማይክራፎኑ “ሳንድዊች፣ ሦስተኛ ጠረጴዛ!” ሲል እኔ ሁልጊዜ እርቦኝ እነሣለሁ።

ደግሞ አንድ ቀን አንዱን ተደባዳቢ ስክሪኑ ላይ አይቼ “ብሩስ ሊ!” ብዬ ጮህኩ። ያ ልብስ፣ ያ ጩኸት፣ ያ አፍንጫውን በአውራ ጣቱ መነካካት! እኔ እኮ ሲኒማ ራስ ገብቼ ብሩስ ሊን ያየሁ ሰው ነኝ፤ ከፊልሙ ስንወጣ የመርካቶ ጎረምሳ ሁሉ እግሩን አየር ላይ ሲሰቅል አምሽቶ በአንሶላ ተሸክመው ይወስዱት ነበር። “አይደለም አባባ፣ ሎው ነው ስሙ፣ ተከን ከሚባለው ጌም” አለኝ። ከብሩስ ሊ ተቀድቶ የተሠራ መሆኑን ኋላ ራሱ አመነ። ታዲያ ስሙን ለምን ደበቁት? እዚህ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ስም ይደብቃል።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን የውድድሩ ሕግ ነው። በእኛ ጊዜ የተሸነፈ ተሸንፏል። ከረምቡላ ቤት የተረታ የሁሉንም ቢራ ከፍሎ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ይወጣል። እነዚህ ግን አንዴ ለተሸነፈ የተለየ ሰንጠረዥ አዘጋጅተውለታል፤ “ሉዘርስ” ይሉታል። የተሸነፉት እርስ በርሳቸው እየተጋጠሙ፣ ዳግመኛ የወደቀ እየተሰናበተ፣ አንዱ እስከ ፍጻሜ ይወጣል። ፍጻሜ ላይ ከዚያ ከታች የመጣው አንዴም ያልተረታውን ቢያሸንፈው አለቀ አይባልም፤ ያኛውም አንዴ የመሸነፍ መብት አለውና እንደ ገና ይጀመራል! ሌሊቱ የሚገፋው ለዚህ ነው። “ይህን ርኅራኄ ማን አመጣው?” ብዬ ተቆጣሁ። ልጁ፣ “ሰው እኮ ከሩቅ ይመጣል አባባ፣ አንዴ ተጫውቶ ይሂድ?” አለኝ።

እንግዲህ ስለ እኛ የሐበሻ ማኅበር አልናገርም። ብቻ በእኛ ዘንድ የተሸናፊዎች ሰንጠረዥ የለም፤ ምርጫ የተሸነፈ ሌላ ማኅበር ይመሠርታል። በሁለቱም የተሸነፈ ሦስተኛውን። መተዳደሪያ ደንባችን ግን አርባ ገጽ ነው፤ የእነርሱ አንዲት ወረቀት ናት፣ በፕላስተር በር ላይ የተለጠፈች፣ ከታችዋ “ገላችሁን ታጠቡ” የሚል ያለባት። የመጨረሻዋን አንቀጽ ደግፌ ድምፅ እሰጥ ነበር።

ይባስ ብሎ አሸናፊው ተሸናፊውን ያስተምራል! “ያን ስታደርግ አየሁህ፣ ለዚህ ነው የመታሁህ” ይለዋል፤ ቁጭ ብሎ ደግሞ ደጋግሞ ያሳየዋል። ሙያ እኮ ምስጢር ነበር። እናቴ የድልህዋን ነገር ለምራቷ ሳትነግር ነው ያለፈችው። ይህ በሽታ ደግሞ የዚህ ቤት ብቻ አይደለም። በ2019 ከላሆር ፓኪስታን አርስላን አሽ የሚባል ወጣት፣ ቪዛና አውሮፕላን አንከራትተውት፣ ጃፓን ፉኩኦካ ደርሶ የ“ተከን”ን ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስም ሄዶ ኒ የሚባለውን ኮሪያዊ ፍጻሜ ላይ ጣለው። ከዚያ ምን አለ? በአገሬ እኔን የሚያህሉ ሌሎችም አሉ አለ! ያን ሁሉ ባሕር የተሻገረ ሰው “ከእኔ በቀር የለም” ነው የሚለው። እኔ ጋዜጠኛ ቢጠይቀኝ እንዲያ ነው የምመልሰው፤ የሚጠይቀኝ ጠፋ እንጂ።

በ2013ማ የኢቮ አዘጋጆች ለአንድ ተጨማሪ ጌም ቦታ ሲኖራቸው፣ ለጡት ካንሰር ምርምር ብዙ ገንዘብ የሰጠ ጌሙን ያስገባ አሉ። የ“ስማሽ ሜሌ” ተጫዋቾች ብቻ ከ94 ሺህ ዶላር በላይ አዋጡ። ለበጎ አድራጎት እራት ጠርተን፣ ክትፎ አብልተን፣ ዘፋኝ አምጥተን ስንት እንደምንሰበስብ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ከዘፋኙ ክፍያ በኋላ ስንት እንደሚተርፍም አውቃለሁ።

ገንዘብስ ይገኝበታል ወይ? ልጄ በ2024 አንድ የታይዋን ወጣት ካፕኮም ካፕ በሚባል ውድድር 1 ሚሊዮን ዶላር መውሰዱን ስትሰማ፣ እስከዚያ “ጊዜህን አታባክን” የምትለዋ ሴት “ልጁ ልምምዱን ጨርሷል ወይ?” ማለት ጀመረች። የጓሮውን ክፍል ሂሳብ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ አሥር ዶላር ይከፍላል፤ አምስቱ ለቤቱ፣ አምስቱ ለሽልማት። አርባ ሰው ሲሆን ሁለት መቶ ዶላር። አንደኛው 140፣ ሁለተኛው 40፣ ሦስተኛው 20 ይወስዳል። የቀሩት ሠላሳ ሰባቱ ወዳጅነት ይዘው ይሄዳሉ። ባለፈው ግንቦት ከእነርሱ አምስቱ በአንዲት መኪና ከአሥር ሰዓት በላይ ነድተው ቺካጎ አጠገብ ወደሚደረገው “ኮምቦ ብሬከር” የሚባል ውድድር ሄዱ። አንድ ክፍል ተከራይተው ወለል ላይ ተኙ። ሳንድዊች በመጀመሪያው ጠዋት ሁለቴ ተሸንፎ ተሰናበተ፤ ሦስቱንም ቀን ግን እዚያው ነበር። “ምን ስትሠራ?” አልኩት። ስጫወት፣ አለኝ። ለማን? ለማንም።

አሁን ደግሞ እኔን በር ላይ አስቀምጠውኛል፤ ገንዘብ ሰብሳቢ አድርገው። “አንተን የሚያታልል የለም አሉ አባባ” ብሎ ልጁ ተረጎመልኝ። ጥቆማ የለ፣ ድምፅ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ፤ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሰጥተውኝ ሄዱ። ኦዲተር ማን ነው ብል ሣቁ። በራሴ ገንዘብ ካርቦን ያለው የደረሰኝ ጥራዝ ገዛሁ። እያንዳንዱን እቆርጥለታለሁ፤ ደረሰኙን የሚወስድ የለም፣ ጠረጴዛው ሥር ይሰበሰባል። ቆርቆሮው ታዲያ ከዚያ ወዲህ በሳንቲም አልጎደለም፤ ከሳንድዊች ዕዳ በስተቀር። እሱ ሁልጊዜ “ከሽልማቴ እከፍላለሁ” ይለኛል፤ ሁልጊዜም ሁለቴ ተሸንፎ ይወጣል። በመጪው ሐሙስ ሳይከፍል በዚያ በር አያልፍም ብያለሁ። ልጁ፣ “አባባ ተወው፣ እሱ እኮ ጥሩ ሰው ነው” ይለኛል። ጥሩ ሰው መሆኑን ማን ካደ? ሃያ ዶላር አለበት ነው ያልኩት።