የአሮጌው ኢሜይላችን አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ የድርጅታችን ባልደረቦች፣ ውድ ደንበኞች፣ እንዲሁም ለአንድ ሰው የሚበቃውን መልስ ለሁሉም ካልላካችሁ እንቅልፍ የማይወስዳችሁ ለቀስተኞች፤

ሟች፣ በሙሉ ስማቸው የድርጅታችን ስም አት ቴሌኮም ዶት ኔት ዶት ኢቲ፣ ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) አገራችን ከገባ በኋላ፣ ከአባታቸው ከኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን፣ ከእናታቸው ከቢሯችን የስልክ መስመር ተወለዱ። በዚያን ጊዜ ሞደሙ ሲጮኽ ስልኩ ይያዛል፤ አንድ ደብዳቤ ወርዶ እስኪያልቅ ሥራ አስኪያጁም ቢሆኑ መደወል አይችሉም ነበር። ሟች ለሥራ ሲደርሱ በደብዳቤ ወረቀታችን ግርጌ ከፖስታ ሣጥን ቁጥርና ከፋክስ ቀጥለው ተሰለፉ። ጸሐፊያችንም በስማቸው የመጣውን ሁሉ አትማ፣ ቀንና ቁጥር ሰጥታ፣ ወደ መዝገብ ቤት ትመራው ነበር።

ሟች ታማኝ፣ ታታሪና ሰው አክባሪ ነበሩ። አንድ እንከን ቢገኝባቸው ዕድሜ ልካቸውን በደባልነት መኖራቸው ነው። ከአት በስተግራ የእኛ ስም፣ በስተቀኝ የባለቤቱ የቴሌ ስም። ኋላ በስተቀኝ ያለው ኢትዮኔት ዶት ኢቲ ሲባል ካርቶን ሙሉ ቢዝነስ ካርድ በእስክሪፕቶ እየሰረዝን አስተካከልን። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ በሰው ስም የሚጠራ፣ ስሙ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል።

ለሞታቸው ምክንያት የሆነው ድርጅታችን የራሱን ዶሜይን፣ ማለትም ከአት በስተቀኝ የሚቆመውን ስም፣ ማስመዝገቡ ነው። የዶሜይኑ ኤምኤክስ የሚባለው መዝገብ ደብዳቤ ለየትኛው ሰርቨር እንደሚሰጥ ይናገራል። ዶሜይኑ የእኛ ከሆነ ነገ አገልግሎት ሰጪ ብንቀይር የምናስተካክለው ይህን መዝገብ ነው፤ ደንበኛው የሚጽፈው አድራሻ ንቅንቅ አይልም።

ሟች አልጋ ላይ ሆነውም ሥራ አላቆሙም። የሚመጣላቸውን ደብዳቤ ለወራሻቸው ለአዲሱ አድራሻ እያስተላለፉ ወራት ቆዩ። እኛም እስትንፋሳቸው ሳትቋረጥ የባንኩን፣ የግብሩንና የአቅራቢዎችን መዝገብ አንድ በአንድ አስለወጥን፤ የይለፍ ቃል የጠፋበት ሁሉ የማደሻው ኮድ የሚላክለት በእርሳቸው በኩል ነበርና። ሟች ከኋላቸው ያልታደለ ቢዝነስ ካርድና በፒክአፓችን በር ላይ በቀለም የተጻፈ ስማቸውን ትተው አልፈዋል።

በመጨረሻም፣ ከቀብር መልስ ለፋይናንስ ክፍል አንድ አደራ አለን። ዶሜይንም ቢሆን ዘላለማዊ ርስት አይደለም፤ በወቅቱ ካልታደሰ ስሙ ለሌላ ሰው ሊሰጥ፣ የእኛ ደብዳቤም ለማናውቀው ሰው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የማደሻው ቀን በሁላችሁም ካላንደር ላይ ይጻፍ። የክፍያ ማስታወሻው የሚላክበት ኢሜይልም ይመርመር፤ እስከ ትናንት ድረስ በሟች አድራሻ ነበር የተመዘገበው።