ቧሂት ሲነጣ

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ስሜን ውስጥ፣ ከቧሂት ተራራ ሥር፣ ጨነቅ በሚባለው አፋፍ ላይ አንድ የጭላዳ መንጋ ይኖር ነበር። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር አገር የለውም። ቀን በቂጡ ተቀምጦ ሣር በጣቱ እየነጨ ይውላል፤ ሲመሽ ገደል ወርዶ ያድራል።

አንድ ሌሊት አመዳይ ጣለ። ቆርቆሮ የሚደበድበውን በረዶ ማለቴ አይደለም። ይኼኛው ድምፅ የለውም፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ እየተንሳፈፈ ነው የሚወርደው። ሁለቱንም በረዶ ብለን ስለምንጠራቸው ቆለኛ ቢያምታታቸው አይፈረድበትም።

ጧት ግልገሎቹ ከገደሉ ብቅ ሲሉ አገሩ የለም። ጓሳው የለም፣ ድንጋዩ የለም፤ ጅብራው ብቻ ነጠላ እንደ ተከናነበ ቆሟል። ቁንጢት የምትባለው ግልገል አንድ ጊዜ በእግሯ ነካ አደረገችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ በቂጧ ተንሸራትታ ቁልቁል ወረደች። ሌሎቹም እየተንጫጩ ተከተሏት።

ትልልቆቹ ሸንጎ ተቀመጡ። "ይኼ ነገር ስንት ቀን ይቆያል?" አለ አዲሱ አባወራ። አንዲት ባልቴት "በእኛ ጊዜማ እስከ ጉልበት ነበር" አለች፤ ሌላዋ "እስከ ወገብ ነው እንጂ" ብላ ተቆጣች፤ ረፋዱ በዚሁ አለቀ። ሣሩን ማን ይቆፍር የሚለው ጉዳይ ለሌላ ቀን ተላልፎ፣ አመዳይ በጣለ ቀን መሳቅ ነውር እንዲሆን በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ሸንጎ የትም ሸንጎ ነው።

ውሳኔው ሊነገር ሲል አንድ ግዙፍ ነገር በግልገሎቹ መካከል ተንከባልሎ አለፈ። አያ ጎፈር ነው! እስከ አምና የዚያ ቤት አባወራ እሱ ነበር። ወጣቱ ታግሎ ጥሎት ሚስቶቹን ወረሰ። ጭላዳ ዘንድ የተሸነፈ አባወራ ብዙ ጊዜ አገር ጥሎ አይሄድም፤ የደረቱ ቅላት ይፈዝዛል፣ ጥግ ይዞ ይኖራል።

"አያ ጎፈር፣ አምና አመዳይ ሲጥል ሁላችንን ሲያንቀጠቅጥ የነበረው ማን ነው?" አለው አባወራው።

"እኔ ነኛ። ያኔ ስድስት ሚስት ከነልጆቻቸው ዓይን ዓይኔን ያዩ ነበር።" አመዳዩን ከጎፈሩ አራገፈ። "አንተስ ከላጤዎቹ ጋር ያቺን ቁልቁለት ስንቴ ወረድካት?"

አባወራው ዞር ብሎ ሚስቶቹን አየ። ማንም የሰማ አይመስልም። "ልጆቹን አታበላሽ" ብሎ ሄደ።

ቀትር ላይ ቁንጢት ራባትና ወደ እናቷ መጣች። እናቷ ጨቅላውን ደረቷ ላይ ለጥፋ በሁለት እጇ ትጭር ነበር። አመዳዩ ላይ ከጥፍሯ ሥር የወጣ ደም ነጥብ ነጥብ ብሏል። አራት ዘለላ ሣር አገኘች፣ አኘከች፣ እንደገና ጫረች። ጨቅላው ጡቷን ስቦ ስቦ ለቀቀና አለቀሰ። ቁንጢት ራበኝ ልትል የከፈተችውን አፍ ዘጋችው። እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ እሷም መጫር ጀመረች። ሲንሸራተቱበት ያልተሰማት ብርድ ጣቷን እንደ እሳት ፈጀው። ብዙ ቆይታ አንድ ጭብጥ አወጣች፤ ግማሹ ጭቃ ነው። ለእናቷ ሰጠቻት።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በረታችና አመዳዩ ሟሟ፤ በዚያ አገር እንዲሁ ነው፣ አይሰነብትም። አመሻሽ ላይ ግን ቧሂት እንደገና ደመና ለበሰ። ግልገሎቹ "ይጣል! ይጣል!" እያሉ ዘለሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው አያ ጎፈር ነው። ቁንጢትንም ጠሯት።

እሷ ጣቶቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ደመናውን ታይ ነበር።

"ስንት ቀን ይቆያል?" አለች።